ለማርስ ያደረቅኩት ዘር

ልጅ ሳለሁ ማርስ የሚባለው ቦታ ከአጋሮ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም ነበር። አጋሮን ሁለቴ አይቻት ነበር፣ እናቴ ለዒድ ጫማ ልትገዛልኝ ይዛኝ ሄዳ። ጅማን በስም ብቻ ነበር የማውቃት። ስለዚህ ያኔ ለኔ ዓለም ማለት መጀመሪያ መንደራችን፣ ቀጥሎ አጋሮ፣ ቀጥሎ ጅማ፣ ከጅማ ቀጥሎ ማርስ ነበር። በመስመር። የአንዱ መኪና መንገድ ሲያልቅ ወርዶ ሌላ መያዝ ነው፣ አለቀ።

ይሄን ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ያስገቡት አባ ዲኮ ናቸው።

አባ ዲኮ ዘመዴ አይደሉም። ከቤታችን ቁልቁል ያለው የቡና ማሳ የሳቸው ነበር። እናቴ ቡና ሲደርስ እሳቸው ጋ ትለቅማለች፤ ለቀማው ሲያልቅ ደግሞ ወንዙ ዳር ያለው የቡና ማጠቢያ ሄዳ፣ ከእንጨትና ከወንፊት በተሠራ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ስታገላብጥ ትውላለች። አባት የለኝም፤ ማለቴ አለ፣ ግን የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ዝግ ስለሆነ እናቴ እስክትመጣ የምቆየው አባ ዲኮ ጎጆ ውስጥ ነው። ጎጆዋ ማሳው ጫፍ ላይ ነበረች፣ ማሳውን ከጦጣና ከሌባ የሚጠብቁባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ጉልበቱን አቅፎ የሚቀመጥባት። መሃሏ ላይ እሳት አይጠፋም። የሚነደው የተገረዘ የቡና ግንድ ነው፤ የቡና እንጨት ፍሙ ቶሎ አይሞትም፣ አመድ ለብሶ ቆይቶ ትንሽ እፍ ሲሉት ተመልሶ ይቀላል። ኩራዟ ግድግዳው ላይ ተሰክታ ከኋላዋ ያለውን ጭቃ አጥቁራዋለች። እስካሁን ኩራዝ ሲሸተኝ ማርስ ነው ትዝ የሚለኝ። ለሰው ብናገር ይስቅብኛል።

አባ ዲኮ ወጣት ሳሉ ጅማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ችግኝ ጣቢያ ሠርተዋል። ከየሀገሩ የመጡ ተማሪዎች ችግኝ መሃል ቆመው ሲያወሩ እሳቸው ውሃ እያጠጡ ይሰማሉ። በላስቲክ የታሰረች ራዲዮም ነበረቻቸው። የሰሙትን ሁሉ ለቃቅመው ተረት አረጉት። የሌላው ልጅ አያት ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲያወራ፣ የኛ አባ ዲኮ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እሳቱን ቆስቆስ አርገው ስለ ማርስ ነበር የሚጀምሩት።

አፈሩ ቀይ ነው፣ በበጋ መኪና ያለፈበት የአጋሮ መንገድ ነው የሚመስለው አሉ። ወፍ የለም። ዝናብ የለም። እኛ ጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ይቀላል፣ እዛ ግን ቀኑን አቧራ መስሎ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሁሉ ነገር የተገላበጠ ነው። ምድር ደሞ ከዛ ሲያይዋት ኮከብ ናት። አንዲት ትንሽ ኮከብ፣ ሌላ ምንም። ይሄን ሲሉ ወደ እሳቱ እንጠጋ ነበር፣ እኔና ሁለት ሦስት የጎረቤት ልጆች። አንድ ቀን አንዱ ልጅ፣

«አባ፣ እዛ ሲሰገድ ታዲያ ቂብላው በየት በኩል ነው?» አለ።

አባ ዲኮ ትንሽ አሰቡና «ወደዛች ኮከብ ነዋ!» አሉ። «እየፈለጓት ይሰግዳሉ። ስትጠልቅባቸው ደሞ ልባቸው ይፈልጋታል።»

ልጃቸው ጀማል በር ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። ያኔ ገና ትዳር የያዘ ጎረምሳ ነው፣ ጉንጩ ሁሌ በጫት ያበጠ። «ጫት ይበቅላል ወይ እዛ?» አለ።

«አይበቅልም።»

«እንግዲያ ማን አባቱ ይሄዳል!»

ሁላችንም ሳቅን። አባ ዲኮም ሳቁ። ያኔ ያስቅ ነበር።

የተረቱ ዋና ሰው ዲንቄ የምትባል ሴትዮ ነበረች። ወደፊት፣ አሉ አባ ዲኮ፣ ሰው እዛ ሄዶ የሚኖርበት ጊዜ ይመጣል። መርከብ ይሠራል፣ በውሃ ላይ ሳይሆን በባዶ ላይ የሚሄድ፣ መንገዱ ሴት አርግዛ እስክትወልድ ያህል የሚፈጅ። መሐንዲስ ይመረጣል፣ ሐኪም ይመረጣል፣ ወታደር ይመረጣል። ከዛ አንዱ «በትንሽ ነገር መኖር የሚችል ሰውም ያስፈልገናል» ይላል። ፈልገው ፈልገው የኛን ሀገር ቡና ለቃሚ ያገኛሉ። ዲንቄን። በቀን አንዴ በልታ የምትውል፣ ወገቧን አሞኛል የማትል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እፍኝ ነገር ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሌላው የልጁን ፎቶ ይይዛል፣ ወርቅ ይይዛል። ዲንቄ ባዶ እጇን ትገባለች፣ ይስቁባታል። ፀጉሯን ግን ማንም አልፈተሸም። ሹሩባዋ ውስጥ የቡና ዘር ሰክታለች፣ አንድ አንዱን፣ ከነገለባው።

እኔ ይሄን ከሰማሁ በኋላ እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ የቡና ፍሬ እጄ ላይ ይዤ «ይሄን አስገቢልኝ» እያልኩ አስቸግራት ነበር። «አብደሻል እንዴ» ትለኛለች፣ ግን አንድ ሁለቴ አስገብታልኛለች።

ያን ዓመት የአባ ዲኮ ቡና ታሞ ነበር። ቡና ሲታመም መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ነው የሚጠወልገው፤ ቅጠሉ ሳይረግፍ ዛፉ ላይ እንደተሰቀለ ይደርቃል፣ ከዛ ግንዱ። ማሳውን አንድ በአንድ ጨረሰው። ላይ ያሉት የጥላ ዛፎች፣ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ደህና ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ቡና ግን የቆመ ማገዶ ብቻ። አንድ ግንድ ብቻ ቀረ። ግራና ቀኙ ሞቶ እሱ መሃል ላይ ቅጠሉ እያብረቀረቀ የቆመ። አባ ዲኮ በየቀኑ ሄደው ይነኩታል። «ይሄ በሽታውን አሸንፎታል፣ ልጆቹም ያሸንፉታል» ይላሉ። ፍሬውን አንዷን ሳያስቀሩ ራሳቸው ለቀሙ፣ በእጃቸው ፈለፈሉ፣ አጠቡ፣ ጎጆዋ ጣራ ሥር ሰሌን ላይ ዘረጉት። ለዘር።

ጀማል ግን ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። አንድ አመሻሽ ላይ እኔ ፍሙ ውስጥ ድንች ቀብሬ እየጠበቅኩ ሳለ መጣና ቆሞ ተናገራቸው።

«አባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጫት ተክሏል። እኛ ብቻ ነን የሞተ ግንድ የምንጠብቀው።»

«ችግኝ አፈላለሁ።»

«ካልወጣስ?»

«ይወጣል።»

«አባ፣ ካልወጣስ? ልጅ አለኝ እኮ እኔም።»

አባ ዲኮ እሳቱን ብዙ አዩት። «ዘንድሮ ካልወጣ መሬቱን እንዳሻህ አርገው» አሉ።

«ወላሂ በሉ።»

«ወላሂ።»

አባ ዲኮ ወላሂ ካሉ አለቀ። እኔ ያኔ ልጅ ብሆንም ገብቶኛል። ዘሩ ከበቀለ ቡናው አለ፣ ጎጆዋ አለች፣ ዲንቄም አለች። ካልበቀለ ምንም የለም። ድንቼን ሳላወጣው ከሰለ።

ከዛ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሊሙ ያለች እህታቸው ሞተችና ለለቅሶ ሄዱ። ሲሄዱ ጠሩኝ። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ሁሌ እንደዛ ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ዶሮ እንዳይበላው፣ ጦጣ እንዳይነካው፣ እስክመለስ አደራ።» ለኔ ሰጡኝ። ለጀማል አይደለም፣ ለኔ።

ሌላ ነገር አላሉኝም። ለዘር የሚሆን ቡና ፀሐይ እንደማይነካው መናገር ትዝ አላላቸውም። ለምን ትዝ ይበላቸው? ቡና ተክሎ ለሚኖር ሰው ይሄ የሚነገር ነገር አይደለም። እኔ ግን ቡና የሚተክል ቤት ልጅ አይደለሁም። የቡና አልጋ የምታገላብጥ ሴት ልጅ ነኝ። የማውቀው ለሽያጭ የሚደርቀውን ነው። ለእናቴ ምሳ ሳደርስላት ተቆጣጣሪው «እርጥብ ቡና ማለት የሻገተ ቡና ማለት ነው!» እያለ ሴቶቹ ላይ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በፀሐይ፣ ገልበጥ ገልበጥ፣ ጥርስ ስር ሲገባ ኮሽ እስኪል። ጥሩ ቡና እሱ ነው።

ዘሩን ስነካው እርጥብ ነበር። ቀዝቃዛ። ሌሊቱን ጉም ወርዶበት አድሯል፣ እኔም ደነገጥኩ። ይሻግታል አልኩ። ደግሞም አባ ዲኮ ራሳቸው ተረቱ ላይ፣ ለረጅም መንገድ የሚሄድ ዘር ውሃ ከያዘ መርከቡ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ዲንቄ ይሄ ነበር የሚያሳስባት ብለው ነበር። ሰሌኑን ከነዘሩ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት። የቤታችን ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወጥቼ አሰጣሁት። እንደ እናቴ በመዳፌ ሳገላብጠው ዋልኩ። ቆርቆሮው እጄን ያቃጥለኝ ነበር። ሲመሽ ጤዛ እንዳይነካው አውርጄ ምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ቀን። እናቴ ጨለማ ሲሆን ደክሟት ትመጣለች፣ ቀና ብላም አላየችም። በሦስተኛው ቀን እፍኝ አርጌ ስነቀንቀው ይንሿሿል። በሕይወቴ እንደዛን ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። ወስጄ እንደነበረው ዘረጋሁት።

አባ ዲኮ የተመለሱ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እፍኝ ዘገኑ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አንዱን አንስተው ነከሱት፣ ኮሽ አለ። እኔ ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። ከዛ ቀና ብለው አዩኝና «ጎበዝ። በደንብ ጠብቀሻል» አሉኝ።

በማግስቱ የችግኝ መደብ አበጁ። አፈሩን በእጃቸው አለሰለሱ፣ ዘሩን በመስመር ዘሩ፣ በሣር ሸፈኑት፣ ላዩ ላይ ደግሞ ዳስ ሠሩለት። ቡና ሲበቅል እንዴት እንደሚወጣ ነገሩኝ። ያንኑ የተዘራውን ፍሬ ራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚወጣው፣ ቀጭን አንገት ሆኖ፣ ሸክም እንደያዘ ሰው። እኔም ሸክም የያዙ ትንንሽ ሰዎች መጠበቅ ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ደብተሬን ወርውሬ በትንሿ ጀሪካን ከምንጭ ውሃ እቀዳለሁ፤ ዳገቱ ያደክማል፣ ጀሪካኗ ቁርጭምጭሚቴን እየመታች ታቆስለኛለች፣ ግን አንድ ቀን አልቀረሁም። አባ ዲኮ ይቀበሉኝና ቀስ አርገው፣ ሣሩን እንዳይገፋው እጃቸውን ሥሩ እየያዙ ያጠጣሉ።

ማታ እሳቱ ዳር ተረቱ ቀጠለ። ዲንቄ ማርስ ገባች። በላስቲክ ቤት ውስጥ ቀዩን አፈር ቆፈረች፣ ሹሩባዋን ፈትታ ዘሩን ዘራች፣ ከሚሰጣት የመጠጥ ውሃ እየቀነሰች ታጠጣለች። ሌሎቹ ያሾፉባታል። ጠዋት ጠዋት እየመጡ «በቀለ?» ይሏታል። «ነገ» ትላቸዋለች። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባ ዲኮ ያቆማሉ። እኛም እንጮሃለን፣ «እሺ በነጋታውስ? በቀለ?» «ነገ» ይሉናል። በማግስቱም ያው። «የኛው ሲበቅል የሷንም እነግራችኋለሁ» አሉ። የጎረቤት ልጆቹ ሰለቻቸው፣ አንድ በአንድ ቀሩ። መጨረሻ ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ። ድምፃቸውም ከቀን ወደ ቀን ዝቅ እያለ መጣ፣ አንዳንዴ ፍሙን እያዩ ዲንቄን መሃል ላይ ጥለዋት ይቀራሉ።

አንድ ወር አለፈ። ሁለት ወር አለፈ። ሣሩን ገለጥ አርጌ አያለሁ። አፈር። በልግ መጣ፣ ዘነበ፣ አረም በቀለ፣ ቡናው አልበቀለም። አንድ እንኳን።

ጀማል ክፉ ሰው አይደለም። ቀኑን ጠብቆ ነው የመጣው፣ አልጮኸም፣ አልሰደበም። ከሁለት ሰዎች ጋር መጋዝ ይዞ መጣ። ጫት ፀሐይ ይወዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የተቆረጠው ጥላው ነው። ዋንዛው ሲወድቅ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሰማይ ያልነበረበት ቦታ ሁሉ ሰማይ ሆነ። ያችን ብቻዋን የቀረችውን ግንድም ነቀሏት። ጎጆዋን አፈረሷት፣ እንጨቷ ለአጥር ሆነ። አባ ዲኮ ጀማል ቤት ገቡ። የዛን ቀን እዛው ማሳው ዳር ቆመው አየኋቸው፣ ፀሐይ አናታቸው ላይ ወርዳ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው። እኔን ሲያዩኝ ሳቅ ለማለት ሞከሩ።

ቡናው ተመልሶ ይለቀማል የሚለው ተስፋም አበቃ፣ እናቴ ሥራ አጣች። የማጠቢያው ብቻውን አያኖርም። ጅማ ወረድን። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ትንሽ ቀጠልኩ፣ ከዛ እናቴ ወገቧን ታመመች፣ ተውኩት።

ያጠፋሁትን ያወቅኩት ዓመታት ቆይቶ ነው። አንድ ችግኝ ጣቢያ የቀን ሥራ አግኝቼ ነበር፣ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላት። አንድ ባለሙያ አዲስ ለገቡ ልጆች ሲያስረዳ እኔ ውሃ እያጠጣሁ አጠገባቸው ነበርኩ። «ለዘር የሚሆነውን ፀሐይ እንዳይነካው» አለ። «ጭስ ላይም፣ ምድጃ ዳርም አይቀመጥ። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ላይ። እንደ ሽያጭ ቡና ካደረቃችሁት ይሞታል። ሬሳ ነው የምትዘሩት።» ውሃው ጫማዬ ውስጥ ሲፈስ አልሰማሁም። አንዷ ልጅ «ረምላ! ረምላ!» እያለች ነው የያዘችኝ። እንግዲህ ያን ማሳ የጨረሰው በሽታ አይደለም። በሽታው አንድ አስቀርቶ ነበር። እሷን የጨረስኳት እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም።

አሁን እዚሁ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፣ እኔ የቡና መጋዘን ውስጥ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ከደህናው እለያለሁ። ደህናው ሌላ ሀገር ይሄዳል። ዓይኔን ስጨፍንም ፍሬ ነው የማየው። በቀደም በምሳ ሰዓት ትዕግሥት፣ ከጎኔ የምትሠራው የዳውሮ ልጅ፣ ስልኳን አወጣች። ትልቅ እሳት እየተፋ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር።

«እዪ ረምላ፣ ሰዎቹ ማርስ ላይ ቤት ሊሠሩ ነው፣ ሊኖሩ።»

ከኛ ወዲያ ያለችው ትልቅ ሴት አንገቷን አሰገገች። «ለቃሚ ይፈልጋሉ ወይ?»

«እዛ እኮ ሰውነት ይቀላል አሉ፣ ወገብ አያምም» አለች ትዕግሥት።

«እንግዲያ ዛሬውኑ መዝግቡኝ! ባሌን ግን እንዳትመዘግቡት።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት እንባ መጣ። ትዕግሥት ስልኩን ጥላ «ምን ሆነሻል?» አለች። ምን ልበላት? ዲንቄን ገድያታለሁ ልበላት?

በእረፍቴ ቀን ሚኒባስ ይዤ አጋሮ፣ ከአጋሮ ባጃጅ፣ ከዛ በእግሬ ሄድኩ። አባ ዲኮ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም ነበር። አሉ። የጀማል ቤት ደጃፍ ላይ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው ጠፍቷል። ከፊታቸው ማሳው ነው፣ ጫት፣ እስከ ታች ድረስ በመስመር፣ አንድ ጥላ የለበትም።

«አባ፣ ረምላ ነኝ። የዘሃራ ልጅ።»

«ረምላ! ኢንታላ ኮ! ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ እስቲ።» እጄን ያዙና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ምነው እንዲህ ሻከረ?»

«ሥራ ነው አባ። ጅማ ነኝ፣ መጋዘን።»

«ትምህርቱስ?»

«ተውኩት።»

እጄን አልለቀቁትም። ያኔ ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር አውቄ ባንድ ትንፋሽ አወጣሁት። «አባ፣ ዘሩን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሊሙ ሲሄዱ ጣራ ላይ አሰጣሁት፣ ማታ ማታ ምድጃ ላይ ሰቀልኩት። እንዳይሻግት ብዬ ነው። አላወቅኩም ነበር።»

አባ ዲኮ ሳቁ። ጥርስ የላቸውም፣ ሳቃቸው ነፋስ ብቻ ነው። «አውቃለሁ እኮ» አሉ። «ጭስ ጭስ ይል ነበር። አንዱን ነከስኩት፣ ኮሽ አለ። ሞቷል።»

«ታዲያ ለምን ዘሩት?»

«አጠገቤ ቆመሽ ታዪኝ ነበራ። ያን ዓይንሽን እያየሁ ምን ልበልሽ?»

«ሁለት ወር ሙሉ ውሃ አጠጡት እኮ!»

«ውሃውን የምታመጪው አንቺ ነሽ። ያን ዳገት ተሸክመሽው ወጥተሽ፣ ልድፋው?»

«ለጀማል ቢነግሩት... ጥፋቱ የኔ ነው ቢሉት፣ አንድ ዓመት ይጨምርልዎት ነበር።»

አሁን አልሳቁም። «ነግሬው እናትሽን ከማሳው ያባርራት? ሌላ ምን ነበራችሁ?»

እኔ እንዲቆጡኝ ነበር የሄድኩት። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ማሳቸውን የሰጡት እናቴ ሥራ እንዳታጣ ብለው ነው፣ እናቴም ማሳው ሲጠፋ ያው ሥራዋን አጣች። በከንቱ ነው የሆነው። ጀማል ከታች የጫት እስር ተሸክሞ ሲወጣ ታየኝ፣ ጎብጧል እሱም።

ወደሳቸው ተጠግቼ «የዲንቄ መጨረሻ ምን ሆነ አባ?» አልኳቸው።

«የማን?»

«የዲንቄ። ማርስ የሄደችው።»

ግንባራቸውን ቋጠሩ። ፈለጓት፣ አላገኟትም። ዘሩን ያስታውሳሉ፣ ጭሱን ያስታውሳሉ፣ ዲንቄን ረስተዋታል። «እስቲ ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። መርከቡን፣ መሐንዲሱን፣ ሹሩባዋን፣ ቀዩን አፈር፣ ምድር ኮከብ መሆኗን፣ ሰማያዊውን ማታ። ራሳቸው ያሉትን በራሳቸው ቃል። እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ዘሩን ዘርታ ከመጠጥ ውሃዋ ቀንሳ የምታጠጣበት ቦታ ስደርስ አቆምኩ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ያለውን እኔም አላውቀውም።

«እና?» አሉ። «በቀለ?»

ፊታቸው ወደኔ ዞሯል፣ ዓይናቸው ግን ከኔ አልፎ ማሳው ላይ ነው።

«ነገ፣ አባ» አልኳቸው።

ሲመሽ ተነስቼ ሄድኩ። የመጨረሻው ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ ቆሜ ጅማ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት መጋዘን ነበርኩ።

ከዛ ሁሉ ተረት ምን ቀረልሽ ብባል ጎጆዋ አልቀረችም፣ ጥላው አልቀረም፣ አባ ዲኮም ብዙ የሚቆዩ አይመስለኝም። የቀረልኝ አፍንጫዬ ነው መሰለኝ። ጭስ የነካው ፍሬ ከሺህ መሃል ይሸተኛል፣ አንስቼ ከጥቁሩ ጋር እጥለዋለሁ። ሥራ ሲበዛና ወገቤ ሲቆረጥ፣ ይሄ የማደርገው ሁሉ ያ መደብ ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው እላለሁ፣ ሥሩ ምንም የለም፣ የማመጣው ውሃ ስላለ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጠዋት እነሳለሁ። ለምን እንደምነሳ አላውቅም።

ሰው እውነት ማርስ ይሄድ ይሆናል። ስልኩ ላይ ያየሁት እሳት የተረት አይመስልም። የሚሄዱት እኛን የሚመስሉ አይሆኑም፣ ዲንቄንም የሚወስዳት የለም። ግን መቼም ዘር መያዛቸው አይቀርም፤ ዘሩንም አንድ ሕፃን አደራ ተብሎ ይጠብቀው ይሆናል፣ እርጥበቱን አይቶ፣ ይሻግታል ብሎ፣ ከልቡ አስቦ። እባካችሁ አንድ ሰው ይንገረው። ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው በሉት። ያውቃል ብላችሁ አትለፉት። ለኔ ማንም አልነገረኝም።